የሚሸተው ውሃ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት ወር፣ ቆላው እንደ ምድጃ በሚግልበት ሰዓት፣ ግራዝማች ደምለው የገለጉን ወንዝ ዳር ይዘው ብቻቸውን ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዱ ነበር። ወንዝ መባሉም ለወጉ ነው። በዚያ ወራት ገለጉ ውሃው ይቋረጥና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይተዋል፤ ከኩሬውም ሰዉ፣ ከብቱና ዝንጀሮው አብሮ ይጠጣል። ላይኛው ሰፈር ግራዝማች የሚመሯቸው አርበኞች ያሉበት ነው። ታችኛው ደግሞ ጣሊያን መተማን ሲይዝ ሸሽተው የመጡ ሴቶች፣ ሕፃናትና ነጋዴዎች የተጠለሉበት ነው።

ግራዝማች ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። ዱር ከገቡ አራተኛ ዓመታቸው ነው። ከጠላት ጋር መታኮሱ አልሰለቻቸውም ይሆናል፤ ሰው መቅበሩ ግን ሰልችቷቸዋል። በዚያች ሳምንት ብቻ ከላይኛው ሰፈር ሦስት ሰው ቀብረዋል። አንዳቸውንም ጥይት አልነካቸውም። ሆዳቸውን ቆረጣቸው፣ ደም አስቀመጣቸው፣ በአራት በአምስት ቀን አለቁ።

ከአንድ የሾላ ዛፍ አጠገብ ሲደርሱ ነፋሱ አንድ ሽታ አመጣ። ስለታም ሽታ ነው፤ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ግራዝማች ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸው ሳያዙት ጠመንጃውን ከትከሻቸው አወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ተከዜ መሻገሪያ ላይ አውሮፕላን ዝናብ የሚመስል ነገር ረጭቶባቸው ነበር። ያን ጊዜ ልጃቸው ሸጋው ፊቱ ተልጦ፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ «ውሃ፣ አባባ» አላቸው። እሳቸውም በገዛ እጃቸው ከወንዙ ቀድተው አጠጡት። መርዙ ወንዙም ላይ ዘንቦ እንደ ነበር ማን ነገራቸው? ሸጋው ሁለት ቀን ኖሮ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ግራዝማች እንግዳ ሽታ በሸተታቸው ቁጥር ያ ቀን ይመጣባቸዋል።

ከሾላው ጥላ ሥር አንድ ጎልማሳ ቁጢጥ ብሏል። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። ሰማያዊ ሸሚዙ እዚህም እዚያም ነጭ በነጭ ሆኗል። ከፊቱ አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ አጠገብ ደግሞ አንድ ትልቅ የመኪና ባትሪ ተቀምጧል። ከባትሪው ሁለት ሽቦ ወጥቶ በሁለት ጥቋቁር ዘንጎች ላይ ታስሯል፤ ዘንጎቹ ጠርሙሱ ውስጥ ተነክረዋል፤ ውሃው ያለ እሳት ይፈላል።

«እጅህን አንሣ!» አሉ ግራዝማች።

ሰውዬው እጁን አነሣ። «ግራዝማች፣ እባክዎ ወደዚህ ወደ ነፋሱ መምጫ ዞር ይበሉ። እዚያ ከቆሙ ሽታው ይጎዳዎታል።»

«ማነህ አንተ?»

«ኸሊል እባላለሁ። የመተማው የጨው ነጋዴ የሙሐመድጣሂር ልጅ ነኝ። ከሱዳን የገባሁ ትናንት ነው።»

ግራዝማች ሙሐመድጣሂርን ያውቁታል፤ ለብዙ ዘመን ጨው ሲገዙት ኖረዋል። ጠመንጃውን ዝቅ አደረጉ፤ ግን ከእጃቸው አላስቀመጡትም። «የሙሐመድጣሂር ልጅ ካርቱም ትምህርት ቤት ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«አራት ዓመት ተማርኩ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል መድኃኒት ስቀምም ቆየሁ። ቤተሰቤ እዚህ መሆኑን ስሰማ መጣሁ።»

«ታዲያ በዚህ በረሃ የምትቀምመው ምንድን ነው?»

«የውሃ መድኃኒት ነው። ሰዉን የሚገድለው ኩሬው ነው፣ ግራዝማች።»

ግራዝማች ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ሊከራከሩም ሊቆጡም አቅም አልነበራቸውም፤ እግራቸው ይቆረጥማቸዋል። ኸሊልም የደከመ ሰው በደከመ ሰው ላይ እንደማይጮህ ያውቅ ነበርና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስረዳቸው ጀመር።

«ጨው ሁለት ነገር ተጣምሮ የሆነ ነው። አንዱ ሶዲየም የሚባል ማዕድን፣ ሁለተኛው ክሎሪን የሚባል አየር። ተጣምረው ሳሉ ወጥ ያጣፍጣሉ። ውሃ ውስጥ ሲሟሙ ግን ጥምረታቸው ይላላና ለየብቻ ይዋኛሉ። የባትሪው ኃይል በሽቦው መጥቶ በዘንጎቹ ሲገባ ክሎሪኑን ወደዚህኛው ዘንግ ይስበዋል። በዚያኛው ዘንግ ደግሞ ሶዲየሙ አይወጣም፤ በእሱ ፈንታ ውሃው ራሱ ተሰንጥቆ ቀላል አየር ይሰጣል። ያ እንደ ጠላ አረፋ የሚንፎለፎለው እሱ ነው። እዚያ የቀረው ውሃ እንደ አመድ ውሃ ያሙለጨልጫል። ክሎሪኑ ከዚህ ከሚያሙለጨልጨው ውሃ ጋር ሲቀላቀል በዓይን የማይታየውን የበሽታ ተባይ የሚገድል መድኃኒት ይሆናል። ትምህርት ቤት ኤሌክትሮሊሲስ ይሉታል።»

«ዘንጎቹስ ከምን መጡ?»

«ከእጅ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ አወጣኋቸው፤ ከሰል ናቸው። ብረት ባደርግ ክሎሪኑ ይበላዋል። ትልቁ ባትሪ ያለፈው ወር ሰዎችዎ መንገድ ላይ ካቃጠሉት የጣሊያን መኪና የተረፈ ነው። ከብት ጠባቂዎች አግኝተው እንደ ወንበር ሲቀመጡበት ነበር።»

ግራዝማች ፈገግ ሊሉ ቃጣቸውና ተዉት። «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው ይላል ወንጌል።»

«እሱስ ስለ ባልና ሚስት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ግራዝማች።»

«አባቶቻችን ከዚሁ ወንዝ እየጠጡ ሰማንያ ዓመት ኖሩ።»

«ሰማንያ የኖሩትን አየናቸው። በጡት ሳሉ የሞቱትን ማን ቆጠራቸው? ደግሞም አባቶቻችን መቶ ሰው ከነከብቱ በአንድ ኩሬ አልሰፈሩም። ያኔ ሰዉም ጥቂት ነበር።»

«ውሃ ካስፈራህ ይፈላ!»

«ቢፈላማ ከሁሉ በላይ ነበር። ግን ጢሱን አውሮፕላን ያየዋል ብለው ቀን እሳት እንዳይነድ ያዘዙ እርስዎ ነዎት፤ ትእዛዝዎም ልክ ነው። ማታ በምትነደው እሳት ደግሞ እህሉ ይበስል ወይስ የመቶ ሰው ውሃ ይፈላ?»

ልጁ ያልተማረ ቢሆን ግራዝማች በቁጣ ባባረሩት ነበር፤ ባለጌ ቢሆንም እንዲሁ። ትሑት ሆኖ መገኘቱ ነው መውጫ ያሳጣቸው። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የተሸከመውን እውነተኛ ነገር ያወጣል፤ ግራዝማችም አወጡት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህና በአባትህ ይሁንብህ እውነቱን ንገረኝ። ይህ ሽታ ተከዜ ላይ የዘነበብን ነገር ሽታ ነውን?»

«ያው ራሱ አይደለም» አለ ኸሊል። «ዘመዱ ግን ነው። በዚያ መርዝ ውስጥ ክሎሪን አለበት። ይኸውም ብቻውን ቢታፈን ሳንባ ያቃጥላል። ነፋስ በሚያገኘኝ ቦታ የምሠራው ስለዚህ ነው። ይህን ልደብቅዎ እችል ነበር።»

ግራዝማች ተነሡ። «ልጄን የገደለውን ነገር ዘመዱን ቀምመህ ለሰው አጠጣለሁ ትለኛለህ?»

«ግራዝማች፣ ኮሶ ይጠጣሉ?»

«ኮሶን ምን አመጣው? በየሁለት ወሩ እጠጣለሁ!»

«መጠኑን አብዝቶ የጠጣ ሰው ሲሞት አላዩም?»

«የአጎቴ ልጅ ሞቷል።»

«እርስዎ ግን ኮሶን አልተዉም። ዐዋቂ ይመትርልዎታል፣ ትሉ ይሞታል፣ እርስዎ ይድናሉ። ይኸም መጠን አለው። ለአንድ የላምባ ቆርቆሮ ውሃ ግማሽ ፍንጃል። ውሃው አስቀድሞ በነጠላ ይጠለላል፤ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ጥላ አንድ ስንዝር እስኪሄድ ይቆያል። ከዚያ መጀመሪያ የምጠጣ እኔ ነኝ።»

በዚህ መካከል አንዲት ሴት ቆርቆሮዋን በራሷ ላይ ተሸክማ መጣች። የሟቹ የሸጋው ሚስት አገኘሽ ናት፤ ከትንሽ ልጇ ጋር የምትኖረው ታችኛው ሰፈር ነው። አማቷን ስታይ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ ቆርቆሮዋን ግን ከኸሊል ፊት አስቀመጠች።

«አንቺም?» አሏት ግራዝማች። «ባልሽ በምን እንደሞተ ረሳሽ?»

«መቼም አልረሳሁ፣ አባባ።» ድምፅዋ አልተነሣም። «ሸጋው የሞተው ማን ምን እንደ ጨመረበት በማናውቀው ውሃ ነው። ይህ ልጅ ግን የሚጨምረውን ያሳየኛል፤ ብጠይቀው ይመልስልኛል። ልጄን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ደም ያስቀምጣታል። ሌላ ምን ላድርግ?»

መልስ ያጣ አለቃ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ግራዝማችም ሰጡ። «ታችኛው ሰፈር የፈቀደ ይጠጣ» አሉ። «ከላይኛው ሰፈር ግን አንዲት ጠብታ እንዳትደርስ! በእጄ ካለው ጨውም አንዲት ፍንካች አልሰጥህም፤ ሰዎቼ ጨው አጥተው እግራቸው እየዛለ ነው።» ይህን ብለው ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጡ።

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራ ግን ሰውን ሲመክር ዋጋውን የሚያስከፍለው ከባለቤቱ ብቻ አይደለም። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ላይኛው ሰፈር አራት ሰው ቀበረ። አራተኛው ውባንተ ነበር። ውባንተ ከተከዜ ጀምሮ ከግራዝማች ጎን ያልተለየ፣ የሸጋውን ሬሳ አብሯቸው የተሸከመ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ቆስሎ ሦስት ጊዜ የዳነ ሰውዬ፣ በኩሬ ውሃ እንደ ጨርቅ ተጨምቆ አለቀ። ሊሞት ሲል እንኳ አልወቀሳቸውም። «ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ሞት ያሳፍራል» ብቻ አላቸው።

ታችኛው ሰፈር በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ሰው ብቻ ቀበረ፤ እሱም ኸሊል ከመምጣቱ በፊት የታመመ ሽማግሌ ነበር። የአገኘሽ ልጅ ከመኝታዋ ተነሥታ መሄድ ጀምራለች።

ውባንተ በተቀበረ ማግሥት ጠዋት ግራዝማች እንደገና ወደ ሾላው ወረዱ። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ አልያዙም። በነጠላቸው የጠቀለሉትን የጨው ቋጠሮ ከኸሊል ፊት አስቀመጡና ተቀመጡ። ኸሊል ጨውን አየና ሽቦውን ማሰር ቀጠለ።

«አትወቅሰኝም?» አሉት።

«ምን ብዬ እወቅስዎታለሁ? እኔም ብሆን የገዛ ልጄን…» አለና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

«ወቅሰኝ ግድ የለም። ሰው ስሕተቱን ብቻውን ሲሸከመው ይከብደዋል።»

«እንግዲያው ልንገርዎ» አለ ኸሊል። «የቆጨኝ መድኃኒቱን መፍራትዎ አይደለም፤ ያየነውን አይተናል፣ የማይፈራ ሰው ሞኝ ነው። የቆጨኝ ፈርተው ዞር ማለትዎ ነው። አንድ ቀን እንኳ መጥተው ‹እስቲ ታችኛው ሰፈር ስንት ሰው ሞተ?› ብለው አልጠየቁም። የሚያስፈራ ነገር ነው ይበልጥ ቀርበው ሊያዩት የሚገባ።»

ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው። ስለ ውሃ የተከራከርኩህ መስሎኝ ነበር። ለካ ከተከዜ ጋር ነበር የምከራከረው።» ከዚያ የጨውን ቋጠሮ ፈቱ። «አሁን ደግሞ እኔ አንድ ነገር ልንገርህና አንተ ስማኝ። ይህን ነገር ከአንተ በቀር የሚያውቀው አለ?»

«የለም።»

«ነገ ጥይት ቢያገኝህስ?»

ኸሊል ሽቦውን አስቀመጠ።

«አያቴ የእባብ መድኃኒት ያውቅ ነበር» አሉ ግራዝማች። «ሥሩን ማንም ሳያየው ይምስ ነበር። ስሙን ለአባቴ እንኳ አልነገረም። ምስጢር ሲወጣ ኃይሉ ይረክሳል ይል ነበር። ሞተ፤ መድኃኒቱም አብሮት ተቀበረ፤ አባቴን እባብ ነደፈውና ሞተ። እናንተ የተማራችሁ እኛን አላዋቂዎች ትሉናላችሁ። አላዋቂ የሆንነው ዐዋቂ አጥተን አይመስለኝም፤ ዐዋቂዎቻችን ሸሽገውብን ነው። አንተም በዚህ ሾላ ሥር ብቻህን ተቀምጠህ ከቀመምክ ከአያቴ በምን ተለየህ?»

ኸሊል አንገቱን ደፋ። ካርቱም ውስጥ መምህራኑ ብዙ ነገር አስተምረውታል፤ ይህን የነገረው ግን አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ሰዉ ሁሉ እጁን ሲያይ በልቡ ትንሽ ደስታ ይሰማው እንደነበረ ያን ጊዜ ታወቀው። «ትክክል ነዎት» አለ። «እኔም አጥፍቻለሁ።»

«እንግዲያስ ተካክለናል» አሉ ግራዝማች።

በዚያው ቀን ሁለቱም ሰፈሮች በሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ግራዝማች ቆሙና የመጀመሪያውን ቅል በሰው ሁሉ ፊት ጠጡ። ሽታው አፍንጫቸውን ሲነካው ቅሉን አንድ ጊዜ መለስ አድርገውት ነበር፤ ሰዉም አየ፤ እሳቸውም አልደበቁትም።

«ስሙኝ» አሉ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ይህን ውሃ ከልክያችሁ ነበር። አራት ወንድሞቻችን ሞቱ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ እፍኝ ጨው የሁለቱን ሰፈር የአንድ ቀን ውሃ ያጠራል፤ እኔ ግን ያችን እፍኝ ለወጥ ብዬ ስሰስት ወጡን የሚበላውን ሰው አጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሳይጠለልና መድኃኒት ሳይገባበት ውሃ የሚጠጣ የለም። ከብት ከታችኛው ኩሬ ይጠጣ፤ ሰው ከላይኛው። ለመጸዳዳት የሚወጣ ሰው ከወንዙ መቶ እርምጃ ርቆ ጉድጓድ ይቆፍር፤ አፈር ይመልስበት። ዝናብ መጥቶ ደመናው ጢስ በሸሸገልን ጊዜ ደግሞ እናፈላለን። ጤነኛ ሰው ቢሞት ተኩሶ ይሞታል እንጂ ተኝቶ አይሞትም። ከየሰፈሩ አምስት አምስት ሰው ይምጣና ሥራውን ይማር። አገኘሽ አንዷ ናት።»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ሴት ምን ልታደርግ?» አለ።

«ውሃ የሚቀዳው ማነው?» አሉት ግራዝማች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ቀና ማለት ሐሰት ይሆናል። የከሰል ዘንጎቹ እየተበሉ ጥቁር ዱቄት ይሆናሉ፤ ሌላ የባትሪ ድንጋይ ሲፈለግ ይዋላል። ባትሪውም ኃይሉ ሲደክም በበቅሎ ተጭኖ ድንበር ይሻገራል፤ እዚያ አንድ ሾፌር ይሞላላቸውና እስኪመለስ ሰዉ ማታ ማታ በጥቂቱ እያፈላ ይቆያል። ሁለት አርበኞች ሽታውን ጠልተው ተደብቀው ከኩሬው ሲጠጡ ቆዩና አንደኛው ሞተ። ሆኖም እስከ ሰኔ ዝናብ ድረስ ከዚያ ሌላ በሆድ በሽታ የተቀበረ አልነበረም። ሕፃናት ሥጋ አወጡ። ቀድሞ ሕመምተኛ ሲያስታምሙ የሚውሉ ሴቶች ማሽላ ለመዝራት ጊዜ አገኙ። ቁስል የያዘውም ሰው በዚያው መድኃኒት እየታጠበ ቁስሉ ሳይሸት ይሽር ጀመር። ወሬው በሌሎች ሰፈሮች ሲሰማም ሰዎች ሊማሩ መጡ፤ አገኘሽም ታስተምራቸው ነበር።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ዘገምተኛው ግራዝማች ደምለው ነበሩ። ፊደል ዳዊት ለመድገም ያህል ያውቃሉ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ተምረው አያውቁም። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ዘንግ እንደሚታሰር ይስታሉ፤ ወጣቶቹም በነጠላቸው ሥር ይስቃሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ኸሊል ሦስተኛ ጊዜ አስረድቷቸው ሲያበቃ ድካሙ ፊቱ ላይ ታየ።

«ይበቃል ዛሬ» አላቸው። «እርስዎ መጠኑን ካወቁ በቂ ነው፣ ግራዝማች። ለምን እንደሚሆን ማወቁን ለእኛ ይተዉት።»

ግራዝማች መነጽር እንደሌለው ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ጠርሙሱን ተመለከቱ። በአንደኛው ዘንግ ላይ አረፋው እየተነሣ ይጠፋል፣ እየተነሣ ይጠፋል።

«አይሆንም» አሉ። «ገና አልገባኝም። ድገመው።»

ኸሊል ላቡን በክንዱ ጠረገና ከጨው ጀመረላቸው።